ወታደሩ ተሰናብቶ ራጁ ሲቀር

አንድ የአሜሪካ ወታደር አፍጋኒስታን ውስጥ መንገድ ዳር የተቀበረ ፈንጂ ጎዳው እንበል። የመጀመሪያውን ሲቲ ስካን የሚነሳው ባግራም በነበረው የጦር ሆስፒታል ነው። ከዚያ በአውሮፕላን ተጭኖ ጀርመን፣ ላንድስቱል ያለው የአሜሪካ ጦር ሆስፒታል ይደርሳል። እዚያም ይነሳል። ትንሽ ሲረጋጋ ወደ አሜሪካ ይሻገርና ዋልተር ሪድ ወይም ሳን አንቶኒዮ ያለው ብሩክ ሆስፒታል ይገባል። እዚያም ደጋግሞ ይነሳል። እስከዚህ ድረስ በፔንታጎን፣ ማለትም በመከላከያ ሚኒስቴሩ፣ እጅ ነው። የጭንቅላት ጉዳቱ ከባድ ሆኖ ረጅም ማገገሚያ ካስፈለገው ግን ወደ ሪችመንድ፣ ታምፓ፣ ሚኒያፖሊስ ወይም ፓሎ አልቶ ይላካል። እነዚህ ሆስፒታሎች የፔንታጎን አይደሉም። የቪኤ ናቸው።

ቪኤ ማለት የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። ከ9 ሚሊዮን በላይ የተመዘገቡ የቀድሞ ወታደሮችን ያክማል። ወደ 170 የሚጠጉ ትልልቅ የሕክምና ማዕከላትና ከ1,000 በላይ ክሊኒኮች አሉት። ፔንታጎን ደግሞ በሥራ ላይ ያሉትን ወታደሮች፣ ጡረተኞችንና ቤተሰቦቻቸውን የሚያክምበት የራሱ የጤና ሥርዓት አለው። እሱም ከ9 ሚሊዮን በላይ ሰው ይዟል። በየዓመቱ ወደ 200,000 የሚሆኑ ወታደሮች ከአንደኛው ወደ ሌላኛው ይሻገራሉ።

ነገሩ የሚበላሸው እዚሁ መሻገሪያው ላይ ነው። ሰውየው ያው ሰው ነው። ከፋዩም ያው የፌዴራል መንግሥት ነው። መሥሪያ ቤቱ ግን ሌላ፣ ኮምፒውተሩ ሌላ፣ የካርድ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። ለብዙ ዓመታት ታማሚው ቪኤ ሲደርስ ራጁና ሲቲው አብረውት አይደርሱም ነበር። ዛሬ በጣም ተሻሽሏል። ቢሆንም አልተፈታም። ለምን እንዳልተፈታ መረዳት የሚጠቅመው ለአሜሪካ ብቻ አይደለም። የጤና መረጃን ዲጂታል አደርጋለሁ ብሎ ለተነሳ ማንኛውም አገር ይጠቅማል።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ እንመልስ። የራዲዮሎጂ ሐኪሙ የጻፈው ሪፖርት ካለ ምስሉ ለምን ያስፈልጋል?

አንድ የቀድሞ ወታደር ሳል አላቆም ብሎት ቪኤ ሄደ እንበል። ኢራቅ በነበረበት ጊዜ ቆሻሻ፣ ፕላስቲክና ነዳጅ በሚቃጠልበት ጉድጓድ አጠገብ ነው የኖረው። የደረት ሲቲ ይነሳል። ሳንባው ላይ 7 ሚሊ ሜትር የምትሆን ነጥብ ትታያለች። ይህቺ ነጥብ የድሮ ቁስል ጠባሳ ልትሆን ትችላለች። የካንሰር ጅማሬም ልትሆን ትችላለች። ከአንድ ምስል ብቻ መለየት ብዙ ጊዜ አይቻልም። ሐኪሙ የሚፈልገው የቀድሞውን ምስል ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በጦር ሆስፒታል የተነሳው ሲቲ ላይ ያቺው ነጥብ በዚያው መጠን ካለች ሰውየው ተገላገለ። ሳታድግ ከሁለት ዓመት በላይ የቆየች ጠጣር ነጥብ በአብዛኛው አታሰጋም። የድሮው ምስል ከሌለ ግን ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ድረስ ጠብቆ እንደገና መነሳት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ሰውየው ካንሰር ይኑርብኝ አይኑርብኝ ሳያውቅ ይተኛል፣ ይነሳል።

የድሮው ሪፖርት «ትንሽ ነጥብ ታይታለች» ቢል ብዙም አይረዳም። የት? ስንት ሚሊ ሜትር? ጠርዟ ምን ይመስላል? የራዲዮሎጂ ሐኪም ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ከፍቶ፣ በዓይኑ አይቶ፣ ራሱ ለክቶ ነው የሚፈርደው። ነሐሴ 2022 የተፈረመው ፓክት የተባለው ሕግ በእነዚህ ጉድጓዶች ጭስ የተጎዱትን ለሕክምናና ለካሳ በር ከፍቶላቸዋል። ስለዚህ የሳንባ ምስል የማነጻጸሩ ሥራ ከወትሮው ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል።

ሌላው ምሳሌ የፈንጂ ፍንጣሪ ነው። በኢራቅና በአፍጋኒስታን ብዙ ወታደሮች ሰውነታቸው ውስጥ ብረት ቀርቶባቸዋል። ሁሉም ፍንጣሪ አይወጣም። ለማውጣት መሞከሩ ከመተዉ የባሰ ጉዳት የሚያመጣበት ጊዜ አለ። ኤምአርአይ የሚባለው የምስል ማንሻ ደግሞ ትልቅ ማግኔት ነው። ዓይን አጠገብ ወይም የደም ሥር አጠገብ የቀረ ብረት ያለበትን ሰው እዚያ ውስጥ ማስገባት አደገኛ ነው። ፍንጣሪው የት እንዳለ በትክክል የሚያሳየው ላንድስቱል ወይም ዋልተር ሪድ የተነሳው የመጀመሪያ ሲቲ ነው። ቪኤ ለዚህ ጉዳይ ብሎ በ2008 ባልቲሞር ውስጥ በሰውነት የቀሩ ፍንጣሪዎችን የሚከታተል ማዕከል አቋቁሟል። ብረቱ ከምን እንደተሠራና ወደ ደም መርዝ ይለቅ እንደሆነ ለዓመታት ይከታተላሉ። እንዲህ ያለ ክትትል ያለ መጀመሪያው ምስል መነሻ የለውም።

ጨረሩም አለ። አንድ የደረት ሲቲ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ከተፈጥሮ የሚያገኘውን ያህል ጨረር ይሰጣል። አንዴ ቢሆን ምንም አይደለም። የድሮው ስላልተገኘ ብቻ መድገም ግን ለታማሚው ምንም የማይጨምር ጨረር ነው።

ታዲያ ችግሩ የቴክኖሎጂ ነው? በጭራሽ። እንዲያውም ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች በዚህ ሙያ ቀዳሚ ነበሩ። የባልቲሞር ቪኤ ሆስፒታል በ1993 ፊልም የሚባል ነገር ትቶ ሁሉንም ምስል በኮምፒውተር ማንበብ ጀመረ። በአሜሪካ እንዲህ በማድረግ የመጀመሪያው ነው ይባልለታል። የአሜሪካ ጦር ሠራዊትም በዚያው ዘመን በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ያለውን ማዲጋን ሆስፒታል ከፊልም ለማላቀቅ እየሠራ ነበር። በዚያው 1993 ዳይኮም የተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና ምስል ስታንዳርድ አሁን በሚታወቅበት መልኩ ወጣ። የአንዱ ፋብሪካ ማሽን ያነሳውን የሌላው ፋብሪካ ኮምፒውተር እንዲከፍተው የሚያደርገው እሱ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ የተነሳ ኤምአርአይ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚከፈተው በዳይኮም ምክንያት ነው።

ሁለቱም የየራሳቸውን ቤት ለብቻቸው ሠሩ። ቪኤ ቪስታ የተባለ የኮምፒውተር የሕክምና መዝገብ ነበረው። ሥራው የተጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲሆን የራሱ የቪኤ ሐኪሞችና ፕሮግራመሮች ናቸው የሠሩት። በኋላ ምስል የሚይዝ ክፍል ተጨመረበት። ፔንታጎን ደግሞ በኮንትራክተር ያሠራው አልታ የተባለ ሌላ መዝገብ ነበረው። ምስሎቹን የሚይዙት ደግሞ በየሆስፒታሉ ያሉ፣ ከተለያዩ ኩባንያዎች የተገዙ ማከማቻዎች ናቸው። ራዲዮሎጂ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ፓክስ ነው የሚላቸው። እነዚህ ሁሉ አይናበቡም ነበር።

ከ2004 ጀምሮ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የመድኃኒት ዝርዝርና የራዲዮሎጂ ሪፖርት በሁለቱ መካከል ማለፍ ጀመረ። ጽሑፍ ነውና ቀላል ነው። ምስሉ ግን ወደ ኋላ ቀረ። አንዱ ምክንያት መጠኑ ነው። የአንድ ሲቲ አንድ ቁራጭ ግማሽ ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ቁስለኛን ከራስ እስከ እግር ሲያነሱት ቁራጮቹ ከ1,000 ሊበልጡ ይችላሉ። ይህ ማለት ለአንድ ምርመራ ብቻ 500 ሜጋባይት ነው። በዚያን ጊዜ ኔትወርክ ይህን ከጦር ሰፈር ሆስፒታል ማውጣት ቀላል አልነበረም። ፔንታጎን ኔትወርኩን ዘግቶ መጠበቁም ያለ ምክንያት አይደለም። የወታደሮቹ መረጃ ጠላት የሚፈልገው መረጃ ነው።

ነገሩን ያነቃነቀው 2007 ነው። በየካቲት ዋሽንግተን ፖስት የተባለው ጋዜጣ በዋልተር ሪድ የሚያገግሙ ቁስለኞች በምን ዓይነት ሕንፃ ውስጥ እንደሚኖሩና በቢሮክራሲ እንዴት እንደሚንገላቱ አጋለጠ። አገር ተቆጣ። ያኔ ዋልተር ሪድ የነበረው ዋሽንግተን ውስጥ ጆርጂያ ጎዳና ላይ ነው። ያ ጎዳና ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚያወጣውና የሐበሻ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት ጎዳና ነው። ሆስፒታሉ በ2011 ተዘግቶ ቤተዝዳ ካለው የባሕር ኃይል ሆስፒታል ጋር ተቀላቅሏል።

ከዚያ ቁጣ በኋላ ዋልተር ሪድ፣ ቤተዝዳና ብሩክ ወደ አራቱ የቪኤ ማዕከላት ለሚላኩ ከባድ ቁስለኞች ምስሎችንና ስካን የተደረጉ ካርዶችን በኤሌክትሮኒክ መላክ ጀመሩ። አስቡት። ለጥቂት በጣም የተጎዱ ሰዎች፣ በጥቂት ሆስፒታሎች መካከል፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ያም ሆኖ ሠራ። ሐኪሙ ቁስለኛው ከመድረሱ በፊት የጭንቅላቱን ምስል ከፍቶ ማየት ቻለ። የቀረው ይህንን ማስፋት ነበር። ኮንግረስም በ2008ቱ የመከላከያ በጀት ሕግ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች እስከ መስከረም 30፣ 2009 ድረስ የሚናበብ መዝገብ እንዲኖራቸው አዘዘ።

እዚህ ላይ ነው እኔ መንገዱ የተሳተው የምለው። ከሠራው ትንሽ ነገር ተነስቶ ከማስፋት ይልቅ ሁሉን በአንዴ የሚፈታ ትልቅ ሲስተም መግዛት የሚል ሐሳብ ነገሠ። በ2011 ሁለቱ አንድ የጋራ መዝገብ እንሠራለን አሉ። በየካቲት 2013 ተዉት። እስከዚያ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቷል። ቀጥሎ ፔንታጎን በ2015 ሌዶስ ከተባለ ኩባንያ ጋር 4.3 ቢሊዮን ዶላር ተዋዋለ። ሲስተሙ የሰርነር ኩባንያ ነው። ቪኤም በ2018 ከዚያው ከሰርነር ጋር በ10 ቢሊዮን ዶላር ፈረመ። አንድ ዓይነት ሲስተም ካለን ችግሩ አለቀ ተባለ። ሰርነርን በ2022 ኦራክል ገዛው።

ፔንታጎን በ2017 ከፌርቻይልድ አየር ኃይል ሰፈር ጀምሮ መጋቢት 2024 ጨረሰ። የቪኤ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በጥቅምት 2020 ስፖኬን ከተማ ጀመረ። በ2022 የቪኤ የውስጥ መርማሪ ባወጣው ሪፖርት በዚያ ሆስፒታል ከ11,000 በላይ የሐኪም ትእዛዞች ማንም ወደማያየው ወረፋ ገብተው መቅረታቸው ታወቀ። ሐኪሙ አዝዣለሁ ብሎ ያምናል። ትእዛዙ ግን የትም አልደረሰም። በዚህ ምክንያት 149 ሰዎች ጉዳት ደርሶባቸዋል። በሚያዝያ 2023 ቪኤ ሥራውን አቆመው። በ2026 በሚሺጋን ሆስፒታሎች እንዲቀጥል ታቅዶ ነበር።

በዚህ ሁሉ ውጣ ውረድ ውስጥ ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ አለ። አንድ ዓይነት መዝገብ መግዛት ምስሉን አንድ ቦታ አያደርገውም። መዝገቡ የሚይዘው ጽሑፉን ነው። ምርመራው መታዘዙን፣ መነሳቱን፣ ሪፖርቱን ይይዛል። ምስሉ ራሱ ያለው ፓክስ ውስጥ ነው። ፓክሱ ደግሞ የየሆስፒታሉ፣ የየአካባቢው፣ የየኮንትራቱ ነው። ስለዚህ ሁለቱም የሰርነር ደንበኛ ቢሆኑ እንኳ የፖርትስማውዝ የባሕር ኃይል ሆስፒታል ሲቲ ሪችመንድ ቪኤ ላይ እንዲከፈት ሌላ ድልድይ ያስፈልጋል።

ድልድዩን የሠሩት ስማቸው ብዙም የማይነሳ መሣሪያዎች ናቸው። ቪኤ ከምስል ማከማቻው ጋር የሚሠራ፣ ሐኪሙ ሲጠይቅ ምስሉን ካለበት ፈልጎ የሚያመጣ መለዋወጫ አለው። ፔንታጎን ሄምስ በተባለ ሥርዓቱ ሰነድና ምስል ከየቦታው ተፈልጎ እንዲገኝ አድርጓል። በ2014 የተሰናባች ወታደሮችን የሕክምና ካርድ ወደ ቪኤ መላክ የተጀመረውም በዚሁ ነው። የሁለቱንም መዝገብ በአንድ ስክሪን ላይ የሚያሳይ ጄኤልቪ የሚባል ማሳያም አለ። የቪኤ ሐኪሞች በየቀኑ የሚከፍቱት እሱን ነው። በኔ ግምት ለታማሚው ከቢሊዮኖቹ ውል በላይ የጠቀሙት እነዚህ ናቸው። በጀታቸውና ትኩረታቸው ግን ከትልቁ ፕሮጀክት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ድልድዩ ባለበት እንኳ ነገሩ የሚሰናከለው በማንነት ላይ ነው። እያንዳንዱ የዳይኮም ምስል ውስጡ ስም፣ የልደት ቀንና የካርድ ቁጥር ተጽፎበታል። ወታደሩ ፔንታጎን የሚሰጠው ባለ 10 አሃዝ ቁጥር አለው። ቪኤ ደግሞ የራሱን መለያ ይሰጣል። ኮምፒውተሩ ሁለቱ ቁጥሮች የአንድ ሰው መሆናቸውን ማወቅ አለበት። ካላወቀ ወይ ምስሉን አያሳይም፣ ወይ ደግሞ ከዚያ የከፋ፣ የሌላ ሰው ምስል ያሳያል።

ይሄ ነገር እኛን ሐበሾችን በተለይ ይነካናል። በአሜሪካ ጦር ውስጥ የሚያገለግሉ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን አሉ። ከ2009 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት ግሪን ካርድ የሌላቸውን፣ ግን በሕጋዊ ቪዛ የሚኖሩ ቋንቋ አዋቂዎችን የተቀበለው ማቭኒ የተባለ ፕሮግራም ከሚፈልጋቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። የእኛ ስም ለአሜሪካ ፎርም አይመችም። አንዱ ጋ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ይሆናል። ሌላ ጋ የአያት። ገብረ ሥላሴ ወይም ወልደ ማርያም የሚል ስም አንዴ ተያይዞ፣ አንዴ ተነጣጥሎ ይጻፋል። ሲነጣጠል ግማሹ መካከለኛ ስም ሆኖ ይገኛል። በላቲን ፊደል ሲሆን አንድ «ጸ» በሁለት በሦስት መንገድ ይጻፋል። በዚያ ላይ በስደት የመጡ ብዙ ሰዎች የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተመዝግቧል። ስም የተለያየ፣ የልደት ቀን ደግሞ ከብዙ ሰው ጋር አንድ ዓይነት ሲሆን ማሽኑ ግራ ይጋባል።

ምስል በሲዲ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ታማሚው ሲዲውን ይዞ ራዲዮሎጂ ክፍል መስኮት ላይ ይሰጣል። ሠራተኛዋ ኮምፒውተሯ ውስጥ ትከተዋለች። ሲዲው ላይ ያለው የመክፈቻ ፕሮግራም በደኅንነት ሕግ ምክንያት አይሠራም። ስለዚህ ምስሎቹን ብቻ ለይታ መቅዳት አለባት። ከዚያ የድሮውን የካርድ ቁጥር በአዲሱ ትተካለች። ስሙን፣ የልደት ቀኑን አንድ በአንድ ታመሳክራለች። የምርመራው ስምም ችግር አለው። አንደኛው ሆስፒታል «ሲቲ ሄድ» ያለውን ሌላኛው «ሲቲ ብሬይን» ይለዋል። ካልተስተካከለ ሐኪሙ አዲሱን ሲከፍት የድሮው አብሮ አይመጣለትም። ይህን ሁሉ ከጨረሰች በኋላ ነው ምስሉ የሚገባው። ሥራ የበዛባት ቀን ሲዲው መሳቢያ ውስጥ ያድራል። ይሰነብታል። አንዳንዴም ከዚያ አይወጣም። አዲስ አበባ ውስጥ ትልቁን የራጅ ፖስታ ይዘው ከሆስፒታል ሆስፒታል የተንከራተቱ ሰዎች ይህንን በደንብ ያውቁታል።

ሲዲው አልፎበታል የሚል ካለ ተሳስቷል። በ2018 የወጣው ሚሽን የተባለው ሕግ ብዙ የቀድሞ ወታደሮች በቪኤ ወጪ በግል ሆስፒታሎች እንዲታከሙ ፈቅዷል። ወረፋ ለሚበዛባቸውና ቤታቸው ሩቅ ለሆነ ሰዎች መልካም ነገር ነው። ግን ሁለት የነበረው ወገን ሦስት ሆነ። ከግል ሆስፒታል ወደ ቪኤ የሚመለስ ምስል አሁንም ብዙ ጊዜ በሲዲ ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ከአንድ ልማድ መቀየር ነው። አሁን ያለው አሠራር «ሐኪሙ ሲጠይቅ ይምጣለት» የሚል ነው። ሐኪም ደግሞ 20 ደቂቃ ቀጠሮ ላይ ሆኖ የሌለ ምስል አይፈልግም። መኖሩንም ላያውቅ ይችላል። ምስሉ መላክ ያለበት ወታደሩ ሲሰናበት፣ ሳይጠየቅ ነው። የሥንብት ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል። ሁሉንም መላክ ደግሞ አያስፈልግም። የዛሬ 15 ዓመት የተነሳ የቁርጭምጭሚት ራጅ ይቅር። የጭንቅላት፣ የአከርካሪና የደረት ሲቲና ኤምአርአይ፣ ፍንጣሪ የሚታይበት ማንኛውም ምስል ግን ቀድሞ መድረስ አለበት። ውሎቹም በዚህ ይመዘኑ። ስንት ሆስፒታል ሲስተሙን ገጠመ ከሚለው ይልቅ ስንት ታማሚ የመጀመሪያ ቀጠሮው ላይ የድሮ ምስሉ ተከፈተለት የሚለው ይጠየቅ።

መዝገብ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አሜሪካ ታውቃለች። በሐምሌ 1973 ሴንት ሉዊስ ከተማ ያለው የወታደሮች መዝገብ ቤት ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ ፋይሎች ወድመዋል። ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦር ከተሰናበቱት ወታደሮች የ80 በመቶው መዝገብ አብሮ ጠፍቷል። ቅጂ አልነበረም። ብዙ ሽማግሌዎች በጦርነት መቁሰላቸውን ማስረዳት አቅቷቸው ለካሳ ዓመታት ደጅ ጠንተዋል። ዛሬም ካሳ የሚጠይቅ ሰው ጉዳቱ በአገልግሎት ላይ የደረሰ መሆኑን ማሳየት አለበት። ለዚህ ደግሞ በዚያን ጊዜ የተነሳ ምስል ጠንካራ ማስረጃ ነው።

ስለዚህ ልጃችሁ፣ እህታችሁ ወይም ወንድማችሁ ጦሩ ውስጥ ካሉ ሥንብቱ ሳይደርስ ቀድማችሁ ንገሯቸው። የካሳ ማመልከቻ ከመሰናበቻው ቀን ከ180 እስከ 90 ቀን በፊት ማስገባት ይቻላል። በዚያው ጊዜ የተነሱበትን የጦር ሆስፒታል ራዲዮሎጂ ክፍል ምስሎቻቸውን ከነሪፖርቱ በሲዲ ይጠይቁ። መብታቸው ነው። ሪፖርቱን ብቻ ተቀብለው አይመለሱ። ሁለት ቅጂ ያስደርጉ፣ አንዱ ቤት ይቀመጥ። ዲዲ 214 በሚባለው የሥንብት ወረቀት ላይ ያለው ስም፣ ቪኤ የሚመዘገቡበት ስምና ሲዲው ላይ ያለው ስም ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን ያመሳክሩ። ልዩነት ካለ ከመሰናበታቸው በፊት ያስተካክሉት፤ በኋላ ይከብዳል። ቪኤ የመጀመሪያ ቀጠሯቸው ላይ ደግሞ ሲዲውን ለሐኪሙ አሳይተው ብቻ አይውጡ። ራዲዮሎጂ ክፍል ሄደው መዝገባቸው ውስጥ እንዲገባላቸው ይጠይቁ። ከሳምንት በኋላም ደውለው መግባቱን ያረጋግጡ።